ወደቡ ሲዘጋ ስልኩን የሚያጠፋው ነጋዴ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሰውና እንስሳ መግደል ሲጀምር ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን የቁም እንስሳ አገደች። በበርበራና በቦሳሶ ለሚጫነው በግና ፍየል የሳዑዲ ገበያ ዳግም የተከፈተው በ2009 ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። በ2020 ደግሞ የእንስሳ በሽታ ሳይኖር ገበያው ወደቀ። በዋዜማው ዓመት ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው የተገኘበት ሐጅ በኮሮና ምክንያት እዚያው አገር ለሚኖሩ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ ሆነ። ለአረፋ ብሎ በግ ሲሰበስብ የከረመ ሰው ይህን የሰማው በዓሉ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነበር። በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ተራው የመተማ መስመር ሆነ።

ኪሳራው ሁልጊዜ የሚሰላው በእንስሳ ቁጥርና በዶላር ነው። ነጋዴው ከዚያ በኋላ ስንት ወር እንቅልፍ አጣ፣ ስንት ደንበኛ ሸሸ የሚለው በየትኛውም የገበያ ሪፖርት ላይ ዓምድ የለውም።

አንድ ነጋዴ እንውሰድ። ከጅግጅጋ ዙሪያ ገበያዎች 400 በግ ሰብስቧል። ግማሹን ዋጋ ከፍሏል፤ ቀሪውን መርከቡ ተጭኖ ገንዘቡ ሲመጣ ሊከፍል፣ በቃሉ ተማምነው ሰጥተውታል። በጎቹ ቶጎ ውጫሌን አልፈው በርበራ ሲደርሱ ገበያው ተዘጋ ይባላል። መኖና ውኃ በየቀኑ ይከፈላል፤ በጉ ይከሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ነጋዴው ይደውላል፣ ይጠይቃል፣ ይሯሯጣል። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት አይተኛም፤ ያንኑ ሒሳብ ደጋግሞ ይሠራል፤ «ምነው ያን ቀን ባልገዛሁ» ይላል። ምግብ አይበላለትም፤ ልጆቹ ላይ ይጮኻል። በስድስተኛው ሳምንት ደላላው ሲደውል አያነሳም። ቀጥሎ ስልኩን ያጠፋዋል።

ሶማሊኛ ተናጋሪው ወልወል ይለዋል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ያዶ፤ በአማርኛ ሐሳብ ያዘው እንላለን። እነዚህ ቃላት ማንኛውንም ጭንቀት ያቅፋሉ። ሐኪሞች ግን ከዚያ ውስጥ አንዱን ለይተው አድጀስትመንት ዲስኦርደር ይሉታል፤ ከደረሰበት ከባድ ለውጥ ጋር መላመድ ያቃተው ሰው መታወክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም እንደሚለው ሰውየው ከደረሰበት ነገር ሐሳቡን ማላቀቅ ያቅተዋል፤ ሥራው፣ ቤተሰቡ ወይም ማኅበራዊ ኑሮውም በግልጽ ይስተጓጎላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ በደረሰ በአንድ ወር ውስጥ ይጀምራል፤ በስድስት ወር ውስጥም ይለቃል። ከስሮ ማዘን ብቻውን እንግዲህ ሕመም አይደለም። ከስሮ የማያዝን ነጋዴ እንዲያውም ያስጠረጥራል፤ ወይ የከሰረው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው፣ ወይ ገና ሒሳቡን አልሠራም።

ስድስት ወር የሚለው ልኬት ለእንስሳት ንግድ ብዙም አይመችም። ቀጠሮው የሚይዘው አስጨናቂው ነገር ካበቃ ነው። ሞት ወይም ፍቺ ቀን አለው፤ እገዳ ግን «በቅርቡ ይነሳል» እየተባለ ወራት ያስቆጥራል፣ በየጊዜው አዲስ ወሬ ይመጣል። ተስፋው በሚቀጥለው ጁምዓ እየተቀጠረ የሚኖር ሰው ከደረሰበት ጋር ሊላመድ አይችልም፣ ምክንያቱም ምን እንደደረሰበት ገና አላወቀም። ምደባው ራሱ ይህን ያውቃል፤ አስጨናቂው ነገር ካልተቋረጠ ምልክቱም ሊቆይ እንደሚችል ያስቀምጣል።

ከድባቴ መለየቱ ጠቃሚ ነው። ድባቴ ያለ ምንም ኪሳራ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣም ሕይወትን ሁሉ ይሸፍናል፣ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ይደበዝዛል። ይኸኛው የሚሽከረከረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፦ በዚያ ጭነት፣ በዚያ ዕዳ፣ በዚያ መስመር። መንገድ ላይ ተዘርፎ ወይም ተተኩሶበት የተረፈ ሰው የሚያየው ቅዠትና ድንጋጤም ሌላ ነው፤ የራሱ ሕክምና አለው። መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለነጋዴው የሚበቃው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማወቅ ነው።

ንግዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚጀምረው ከስልኩ ነው። ይህ ገበያ የቆመው በውል ወረቀት ላይ አይደለም፤ በደላላ ምስክርነት፣ በጎሳ ዋስትናና በስም ላይ ነው። የባንክ ብድር የወሰደ ሰው ዝም ቢል ማስጠንቀቂያ ይጻፍለታል። በእምነት በግ የወሰደ ሰው ዝም ቢል ግን በሁለት የገበያ ቀን ውስጥ «በልቶ ጠፋ» ይባላል። ከሐሳብ መሸሽ፣ ሐሳቡን ከሚያስታውስ ሰው ሁሉ መራቅ፣ በሕክምናው ቋንቋ የታወቀ ባሕርይ ነው፤ በገበያው ቋንቋ ግን ክህደት ነው። እገዳው ሲነሳ መርከቡ ይመለሳል፤ የጠፋ ስም ግን እንደ ቀድሞው በዱቤ አያስገዛም። ከሁለቱ ኪሳራዎች ትልቁ ይኼ ነው፣ የበጎቹ ዋጋ ሁለተኛ ይመጣል።

ሌላው የሚታየው ጥፋት ተቃራኒው ነው። ሐሳቡ እንዲያበቃለት ብቻ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በተገኘው ዋጋ የሚያራግፍ አለ። አንዳንዴ ማራገፍ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ መኖ ከበጉ ዋጋ ሊበልጥ ሲቃረብ። ሦስት ሌሊት ሳይተኙ የሚወሰን ሲሆን ግን ሒሳቡን የሚሠራው ድካሙ ነው።

የነጋዴው ጉዳት የማይታይ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ድርቅ የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ ደጃፉ ላይ ወድቆ ታየ። ኪሳራው ለሁሉም የተገለጠ ስለሆነ እንደ ቡሳ ጎኖፋ ያለው ባህላዊ መረዳዳት የሚመለከተው እሱን ነው። ከእርሱ እየገዛ ሞያሌ ያደርስ የነበረው ነጋዴ ደጃፍ ላይ ሬሳ የለም። ያለው ያልተከፈለ ሒሳብ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ነጋዴ ገንዘብ አለው ብሎ ያምናል።

ለዚህ የሚሰጠው እርዳታ በዋናነት መድኃኒት አይደለም፤ ንግግርና ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው የሚሰጡት የአምስት ሳምንት አጭር እርዳታ አዘጋጅቷል፤ በናይሮቢ ዳርቻ በሚኖሩ ሴቶች ላይ ተሞክሮ የመንፈስ ጭንቀታቸውን ቀንሷል። በዝግታ መተንፈስን፣ የተተወን ሥራ በትንሽ በትንሹ መመለስን፣ ከሰው ጋር መገናኘትን ያስተምራል። ለነጋዴ ግን የሚጣፍጠው ክፍል ችግርን በሦስት መክፈሉ ነው፦ የሚፈታ፣ የማይፈታ፣ ለጊዜው ትርጉም የሌለው። እገዳው መቼ ይነሳል የሚለው ለነጋዴው የማይፈታ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ ቢያስቡት አንድ ቀን አያሳጥረውም። የሚፈታው ዛሬ ስንት በግ ለአገር ውስጥ ገበያ ይሸጥ፣ ለየትኛው ባለ ዕዳ በቅድሚያ ይደወል የሚለው ነው። ሰዎች ምን ይሉኛል ደግሞ በአብዛኛው ሦስተኛው ውስጥ ይገባል፣ ስልኩ ክፍት እስከሆነ ድረስ።

ለባለ ዕዳ የሚደወለው ገንዘብ ሲገኝ ብቻ አይደለም። «አልከፈልኩም፣ አልጠፋሁምም፤ በጎቹ እዚህ ናቸው» የሚል የሁለት ደቂቃ ጥሪ በየሳምንቱ መደወል ለደዋዩም ለተደዋዩም እንቅልፍ ይሰጣል።

ጫትን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ብዙው የንግድ ወሬ የሚሰማው በርጫ ላይ ስለሆነ ነጋዴው ከዚያ መቅረት አይፈልግም ይሆናል። ነገር ግን እንቅልፍ ላጣ ሰው ጫት የቀረውን እንቅልፍ ይወስዳል፤ በማግስቱ የሚመጣው ጭፍግግታ ደግሞ ከኪሳራው መጣ ይባላል። ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ከመቃሙ መቀነስ ሐኪም ሳይጠየቅ የሚሞከር ነገር ነው።

ሐኪም ሳይጠየቅ የማይታለፍም አለ። «ብሞት ይሻላል» ማለት፣ ንብረትን በድንገት ማከፋፈል፣ ለቀናት አለመብላት ከታየ ሰውየውን ብቻውን አለመተውና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ይህ መታወክ ጊዜያዊ ነው መባሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ራስን የማጥፋት አደጋ በእርሱም ውስጥ አለ። በኢትዮጵያ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ጤና ሥልጠና ሲወስዱ ቆይተዋል፤ የመጀመሪያው በር እሱ ነው።

ገንዘብ የቀረበትም ወገን ድርሻ አለው። የነጋዴው ስልክ ሲጠፋ በገበያ ላይ ስሙን ከማንሳት በፊት ቤተሰቡን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ መላክ ይበጃል፤ የተላከው ሰውም ገንዘቡን ሳይሆን መጀመሪያ እንቅልፉን ይጠይቅ። የሚበላውንና የሚተኛበትን ሰዓት ካወቀ በኋላ ስለ በጎቹ ሊነጋገሩ ይችላሉ።