ከተጣራው ውኃ የሚቀረው ጨው ወዴት ይሄዳል? ከአውሮራ እስከ ሐዋሳ

በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የዴንቨሯ ሞንትቤሎና ጎረቤቷ አውሮራ ከባሕር ርቀው በደረቅ ሜዳ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በአካባቢው የሚያልፈው የሳውዝ ፕላት ወንዝ ዴንቨርን ካለፈ በኋላ፣ በበጋ ወራት የሚይዘው ውኃ በአብዛኛው ከፍሳሽ ማጣሪያ የተለቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ድርቅ ክፉኛ የፈተናት አውሮራ ይህንኑ ውኃ መልሳ ለመጠጥ ለማዋል ወሰነች። በ2010 የተጠናቀቀው «ፕሬሪ ዋተርስ» ፕሮጀክት ውኃውን በወንዙ ዳር ካለው አሸዋና ጠጠር በጉድጓዶች ይስባል። ከዚያም 34 ማይል በቧንቧ ከተጓዘ በኋላ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በአክቲቭ ካርቦን ይጣራል።

ይህ ሥርዓት ጨውን ሳይቀር የሚያስቀረውን ሜምብሬን፣ ማለትም የሪቨርስ ኦስሞሲስ ስስ ማጣሪያን፣ የግድ አላደረገም። ሜምብሬን ቆሻሻን ይለያል እንጂ አያጠፋም፤ ንጹሑ ውኃ ሲያልፍ ጨውና ኬሚካል የበዛበት ዝቃጭ ውኃ ወደኋላ ይቀራል። የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይህን ቅሪት ወደ ውቅያኖስ ሊለቁት ይችላሉ። ኮሎራዶ ግን ውቅያኖስ የላትም።

ተመሳሳዩ ፈተና በአገራችንም አለ። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት በካይ ነገር እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር የማከም አቅም ያለውና ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ ተገነባለት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በባክቴሪያ ከታከመ በኋላ በሜምብሬን ያልፋል፤ ውኃው ወደ ፋብሪካ ሲመለስ ቅሪቱ ተንኖ ጨው ይሆናል። ውኃን ማትነን ግን ከፍተኛ ኃይል ይፈጃል።

ዛሬ ተመራማሪዎች የሚያበለጽጓቸው ባለ ብዙ ተግባር ሜምብሬኖች ከማጣራት ያለፈ ሥራ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተቀባ ገጽ ብርሃን ሲያርፍበት የቀለም ሞለኪውሎችን ይሰባብራል፤ የብር ደቂቅ ቅንጣቶች ባክቴሪያን ይገድላሉ፤ ውኃን የሚወድ ሽፋን ደግሞ ዘይት እንዳይጣበቅና ቀዳዳዎቹ ቶሎ እንዳይደፈኑ ይከላከላል። ማጣሪያው ሲደፈን ግፊትና ወጪ ስለሚጨምር፣ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ሆኖም ቀለም ሊሰባበር፣ ባክቴሪያም ሊሞት ይችላል፤ ጨው ግን እንደ ቀለም ተሰባብሮ አይጠፋም። አዲስ ሜምብሬን ሲተዋወቅ «ምን ያህል ያጣራል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «የቀረውስ የት ይጣላል? የሚወስደውስ ማን ነው?» ማለት ያስፈልጋል። መውጫ ለሌለው ሐይቅና በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ወሳኙ መልስ ይኸኛው ነው።