ቮልስ በ17 ሴንቲ ሜትር

«አንተ ልጅ፣ አሁንም ዕቃ ዕቃ ነው የምትጫወተው?» የምትለኝ የአክስቴ ልጅ ብቻ ብትሆን ችግር አልነበረውም። የሠፈሬ ጀለሶችም ይፎግሩኛል። ይፎግሩ! የመኪና ሞዴል ገጣጥሞ መቀባት የልጅ ሥራ የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። መገጣጠሙስ ቀላል ነው፤ መመሪያውን እያየ ማጣበቅ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይወጣዋል። ጉዱ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። የአንዱ ሞዴል ከረሜላ መስሎ ሲቀር የሌላው «አሁን ተነስቶ ሊሄድ ነው» የሚያሰኘው ለምን ይመስላችኋል?

ምሳሌዬ ቮልስ ትሁን፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስን የማያውቅ የለምና። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የ1966 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን 1300ን 24 ጊዜ አሳንሶ ሠርቷታል። እውነተኛዋ 4 ሜትር ከምናምን ነች፤ ለ24 ስትካፈል 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። እኔ የማስመጣው ውጭ አገር ያለ ዘመድ እያስቸገርኩ ነው።

እንግዲህ 24 የምትባለዋን ቁጥር ከጭንቅላታችሁ አታውጧት። የእውነተኛ መኪና ቀለም ከነመነሻው ተደራርቦ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እናንተም ሞዴሉ ላይ ያንኑ ያህል ብትለጥፉ በትልቁ መኪና ልክ ሲሰላ 2.4 ሚሊ ሜትር መጣ ማለት ነው። ይኼ ግድግዳ መለሰን እንጂ መኪና መቀባት አይባልም! የበሩ መስመር ይደፈናል፣ ጠርዙ ሁሉ ይዶለዱማል። ስለዚህ ቀለሙ ይቅጠን። አንዴ አወፍሮ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ እንደ ጉም እያለበሱ፣ በየመሐሉ እያደረቁ። እኔ ትንሽ ኮምፕረሰርና ብዕር የምታክል መርጫ አለችኝ፤ የሌለው በቆርቆሮ የሚሸጠውን እስፕሬይ ይጠቀም።

ከዚያ በፊት ግን ፕላስቲኩን በሳሙና እጠቡት፤ ቅባት ካለበት ቀለም አይዝም። መገጣጠሚያውን በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ጋራዥ ያለው ወዳጃችሁ «አምጣ፣ ዱኮ እረጭልሃለሁ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ነው፤ የጋራዥ ቲነር ይበላዋል። መጀመሪያ ለፕላስቲክ የተሠራ መነሻ ቀለም ይልበስ። ስትረጩ መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ፣ ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ ደግሞ በፍጹም! እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በነገራችን ላይ መስታወቱን በሱፐር ግሉ የሚለጥፍ ሰው ሳይ ያመኛል። ጭሱ መስታወቱን እንደ በረዶ ያነጣዋል። የአናጢ ነጭ ኮላ ይበቃዋል፤ ሲደርቅ አይታይም።

ይኼን ሁሉ ያወቀ ሰው አዲስ መኪና ይሠራል። አሮጌ መኪና መሥራት ግን ሌላ ነው፤ እኔ በደንብ የገባኝ በአንድ ወዳጄ ምክንያት ነው። አባቱ ነጭ ቮልስ ነበረቻቸው። ሲታመሙ ልጅየው ሳያማክራቸው ሸጦ አሳከማቸው። ዳኑ። ዳኑና «መኪናዬን ሸጥክብኝ» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በላይ አላነጋገሩትም። ይኼኔ ነው እኔ ዘንድ መጥቶ «ያቺን መኪና ሥራልኝ» ያለኝ። «አልሠራልህም። አንተው ትሠራለህ፣ እኔ አሳይሃለሁ» አልኩት።

የእሳቸው ቮልስ ስንት ዓመት ፀሐይ የጠጣች ነች፤ ስለዚህ ጣሪያዋና ኮፈኗ እንዳያብረቀርቁ አደብዝዘን፣ በሮቿ ላይ ጥቂት ወዝ ተውንላት። በየመስመሩ ጥቁር ቀለም አቅጥኖ ማፍሰስ የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ ነጭ መኪናን ግን የካርቱን ፊልም መኪና ያስመስላታል፤ ግራጫ ተጠቀምን። ጎማም ቢሆን ጥቁር አይደለም። አትመኑኝ፤ ውጡና የቆመ መኪና እዩ። መንገድ የሚነካውን ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ስንፈገፍገው ያገለገለ ጎማ ወጣው።

ወዳጄ አንድ ቀን ከአባቱ ደጅ አፈር በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ለአቧራ መሆኑ ነው። ሐሳቡ ልብ ይነካል፤ ግን ያቺ 24 አለች። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ በ24 ስትባዛ 12 ሚሊ ሜትር ጠጠር ነች! ቡናማ ጠመኔ ፍቀን ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ከጎማው ኋላ፣ ከፓራፋንጎው ሥርና መወጣጫው ላይ አራገፍነው። ዝገት ከመወጣጫው ሥር ብቻ፣ እሱንም በጥቂቱ። እጃችሁ ደስ ስላለው ዝገት የትም አትለቅልቁ፤ ውሃ የት ያቁራል ብላችሁ አስቡ።

ሦስት ወር ፈጀብን። ሊሰጣቸው ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላበጧት፣ ዝም አሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በመጨረሻ፦

«የግራው ፓራፋንጎ እንዲህ አልነበረም። ባትላሜራው ካቃናው በኋላ የተቀባው ነጭ ወደ ክሬም ያደላል» አሉት።

«አባባ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አላስታውሰውም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ቀለሙ የት ነው ያለው?»

እሑድ ሁለቱም ቤቴ መጡ። በነጩ ላይ በክብሪት እንጨት ጫፍ ቢጫ፣ ከዚያም ያነሰ ቡናማ እየጨመርን በትርፍ ፕላስቲክ ላይ ሞከርን። አራተኛው ላይ «እሷ ነች!» አሉ። ሌላውን አካል በፕላስተር ሸፍነን ፓራፋንጎዋን ብቻ ረጨናት። አሁን የሚጨቃጨቁት በበሩ ጭረት ነው፤ አባት በቀኝ ነበር ይላሉ፣ ልጅ በግራ። እኔ በሁለቱ መሐል ሹል ብሩሽ ይዤ እየጠበቅሁ ነው።