ዘይት የነበረበት ጀሪካን

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈርና በዙሪያው ባሉት የመርካቶ ተራዎች፣ ዘይቱ ያለቀበት ቢጫ ጀሪካን ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው። ገዝቶ የውኃ መቅጃ ሊያደርገው ያሰበ ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ቢያለቀልቀው ቅባቱ ከፕላስቲኩ አይለቅም፤ ሙቅ ውኃና ሳሙና ሲገባበት ግን ይለቃል። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ነው» ይላል። መቅለሉስ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ከላይ የሚንሳፈፈው። ግን አልኮልም ከውኃ ይቀላል፤ ሆኖም ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀዱ ይዋሃዳሉ። እንግዲህ የመዋሃድና ያለመዋሃዱ ምክንያት ክብደት አይደለም። አቶሞች እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ነው።

ሁለት አቶሞች ኮቫለንት በሚባለው ትስስር ሲያያዙ ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይይዛሉ። ነገሩ አንድ ጋቢ ለሁለት እንደመልበስ ነው፤ ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ጋቢው መሀል ላይ ይቆያል፣ አንዱ ከበረታ ወደ እርሱ ያደላል። አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖውሊንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ይህንን ኤሌክትሮን የመሳብ ጉልበት በቁጥር መለካት ጀመረ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ሠንጠረዥ የኦክስጅን 3.44፣ የካርቦን 2.55፣ የሃይድሮጅን 2.20 ነው። በውኃ ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሲያያዙ ልዩነቱ 1.24 ይሆናል፤ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ኦክስጅኑ ስለሚያደሉ የእርሱ ወገን በከፊል ኔጌቲቭ፣ የሃይድሮጅኑ ወገን በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናል። ፖላር ወይም ዋልታ ያለው ትስስር የሚባለው ይህ ነው። ዘይትን የሞላው የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ግን ልዩነቱ 0.35 ብቻ በመሆኑ ፖላር ካልሆኑት ይቆጠራል። ፖላር የሆነው ከፖላር፣ ያልሆነውም ካልሆነው ጋር ስለሚዋሃድ ውኃና ዘይት ይለያያሉ።

ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ደንብ እስከ 0.4 ወይም 0.5 ፖላር ያልሆነ፣ ከዚያ በላይ ፖላር፣ ከ1.7 በላይ አዮናዊ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ ጨርሶ ወደ አንዱ የሄደበት፣ የሚል ነው። ደንቡ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ እንደ ግድግዳ ከታየ ግን ያሳስታል። የሃይድሮጅንና የፍሎሪን ልዩነት 1.78 ነው፤ በደንቡ መሠረት እንደ ገበታ ጨው ጠጣር አዮናዊ ነገር ሊሆን ይገባው ነበር። በእውነቱ ግን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይሞላ የሚፈላ፣ በሞለኪውል የተሠራ ነገር ነው። ፖላርነት ቀስ በቀስ የሚጨምር ነገር እንጂ በአንድ ቁጥር ላይ የሚቆረጥ አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ደግሞ ትስስሩን ከሞለኪውሉ ጋር ማምታታት ነው። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት እየፈነዳ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውስጡ ያሉት ትስስሮች ፖላር ናቸው፤ በካርቦንና በኦክስጅን መካከል ያለው ልዩነት 0.89 ነው። ሆኖም ሁለቱ ኦክስጅኖች ካርቦኑን ከግራና ከቀኝ ቀጥ ባለ መስመር በእኩል ስለሚስቡት ስበቱ ይጣፋል፤ ሞለኪውሉ ፖላር አይሆንም። የውኃ ሞለኪውል ግን 104.5 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ሠርቶ የታጠፈ ስለሆነ ስበቱ አይጣፋም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ ዘይትም ኦክስጅን አለው፣ ስለዚህ ፖላር ትስስር አለው። አዎን፣ አለው። ነገር ግን በተለመደው የምግብ ዘይት ሞለኪውል ውስጥ ስድስት ኦክስጅኖች ሃምሳ ከሚያልፉ ካርቦኖች ጋር ናቸው፤ ረጃጅሞቹ የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ጠባዩን ይወስኑታል። የበርበሬ ቀይ ቀለምና የሚያቃጥለው ካፕሳይሲንም ከውኃ ይልቅ ወደ ቅባት ያደላሉ። ወጥ ሲበስል ከላይ የሚንሳፈፈው ዘይት የሚቀላው፣ የተቃጠለን አፍም ከውኃ ይልቅ እርጎ የሚያበርደው ለዚህ ነው። ጀሪካኑ ራሱ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ በመሆኑ ዘይቱ ከውኃው ይልቅ ለፕላስቲኩ ይቀርባል። ሳሙና በመሀል የሚያስታርቀው ሁለት ጠባይ ስላለው ነው፤ ረጅም ጭራው ቅባቱ ውስጥ ይገባል፣ ቻርጅ ያለው ራሱ ውኃውን ይይዛል፣ ቅባቱም ተሸፍኖ ከውኃው ጋር ይወጣል።

ሳሙና የማይደርስበት ነገር ግን አለ። ላምባም ሆነ ቤንዚን በአብዛኛው ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ናቸው፤ ፕላስቲኩ ላይ መለጠፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጡ ይሰርጋሉ፣ ቆይተውም መልሰው ይወጣሉ። ጀሪካን ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ነዳጅ ነዳጅ ካለ ምንም ያህል ቢታጠብ የመጠጥ ውኃ አትቅዱበት።