ዕቃ ሻጩ አገልግሎት ሻጭ ሲሆን

በኢንዱስትሪ ታሪክ የአምራቹና የገዢው ግንኙነት ለረዥም ዘመን አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ኖሯል። አምራቹ ማሽኑን ሠርቶ ይሸጣል፤ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ይረከባል፤ ማሽኑ ሲሰበርም መለዋወጫ ፍለጋ ተመልሶ ወደ አምራቹ ይሄዳል። በዚህ አሠራር የማሽኑ መሰበር ለገዢው ኪሳራ፣ ለአምራቹ ግን ገበያ ነበር። ዛሬ ይህ ግንኙነት በዲጂታል ቴክኖሎጂ አማካይነት ከሥሩ በመለወጥ ላይ ይገኛል። ለመሆኑ ለውጡ እንዴት መጣ? ጥቅሙስ ለማን ነው?

የሐሳቡ መነሻ የኮምፒዩተርን መስፋፋት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1962 ብሪስቶል ሲድሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ቫይፐር ለተሰኘው የጄት ሞተሩ አዲስ የክፍያ ሥርዓት አቀረበ። ይኸውም የአውሮፕላኑ ባለቤት ለእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት የተወሰነ ሒሳብ ሲከፍል፣ ሞተሩንና መለዋወጫውን የመተካቱን ኃላፊነት ኩባንያው ይሸከማል ማለት ነው። ኩባንያው በ1966 በሮልስ ሮይስ ሥር ከተጠቃለለ በኋላም አሠራሩ እየሰፋ ሄደ። በመሆኑም የትርፉ ምንጭ ተገለበጠ፤ ቀድሞ ከብልሽት ያገኝ የነበረው አምራች አሁን የሚጠቀመው ሞተሩ ሳይሰበር ሲሠራ ሆነ።

ለዚህ ውል ጉልበት የሰጠው ዲጂታል ቴክኖሎጂ ነው። በሞተሩ ላይ የተተከሉ ሴንሰሮች ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ ንዝረቱንና የመሽከርከር ፍጥነቱን ይለካሉ። መረጃው አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሳለ በሳተላይት ወደ ምድር ይተላለፋል፤ ባለሙያዎችም ብልሽቱ ሳይደርስ ምልክቱን ተመልክተው ጥገናውን ያሰናዳሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2016 ጀምሮ ያሰማራቸው ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች የሚበሩት በዚሁ ኩባንያ ትሬንት ሞተሮች በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም።

ይሁን እንጂ የነገሩ ሌላ ገጽታ ሊዘነጋ አይገባም። ሰዓት የሚሸጥ፣ ሰዓቱ ሲቆም ገቢውም ይቆማል። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ አውሮፕላኖች ከመሬት ሳይነሱ ሲቀሩ የበረራ ሰዓቱ ክፍያ አሽቆለቆለ፤ ሮልስ ሮይስም በዚያው ዓመት ቢያንስ 9,000 የሥራ ቦታዎችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። የአዲሱ ውል ሸክም በመጨረሻ ያረፈው በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ነበር።

ሁለተኛው መሠረታዊ ጥያቄ የዕውቀት ባለቤትነት ነው። በአሜሪካ ትራክተሮች በሶፍትዌር መታዘዝ ከጀመሩ ወዲህ፣ ብዙ ገበሬዎች በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን መሣሪያ ያለ አምራቹ ወኪል መጠገን ተስኗቸው ቆይቷል። ከብዙ ትግል በኋላ የኮሎራዶ ግዛት በ2023 ሕግ አወጣ፤ በሕጉ መሠረት አምራቾች የጥገና መመሪያውን፣ መሣሪያውንና ሶፍትዌሩን ለገበሬውና ለግል መካኒኮች እንዲያቀርቡ ተገደዱ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፣ ምሥጢሩ በሌላ እጅ ያለ ማሽን በደጃችን ቢቆምም የእኛ ነው ለማለት ያስቸግራል። ስለሆነም ፋብሪካም ሆነ ማኅበር አዲስ መሣሪያ ሲያስገባ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ውሉንም ሊመረምር ይገባል። መረጃው በማን እጅ ይቀመጣል? ሲበላሽ ማን ይፈታዋል? ሥራው ሲቀዘቅዝ ኪሳራውን ማን ይሸከማል? የእኛስ ሠራተኛ ምን ይማርበታል? እነዚህ ጥያቄዎች መነሣት ያለባቸው ፊርማው ከመኖሩ በፊት እንጂ ማሽኑ ከቆመ በኋላ አይደለም።