ሰውም ድብም በረዶ የሚጠብቁባት ከተማ

ቸርችል ውስጥ መኪና ቆልፎ መሄድ የተለመደ አይደለም። ሌባ ጠፍቶ አይደለም፤ መንገድ ላይ ከነጭ ድብ ጋር ፊት ለፊት የተገጣጠመ ሰው አጠገቡ ያገኘውን በር ከፍቶ ዘሎ እንዲገባ ነው። ያኔ መኪናው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የአዲስ አበባ ሰው ስሙን ሲሰማ ትዝ የሚለው ወደ ለገሃር የሚወርደው ጎዳና ነው። ጎዳናው የተሰየመው በዊንስተን ቸርችል ሲሆን፣ ይህች የካናዳ ከተማ ግን ስሟን ያገኘችው ከዊንስተን ቅድመ አያቶች አንዱ ከሆነው፣ የሃድሰን ቤይ ኩባንያን በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ካስተዳደረው ከጆን ቸርችል ነው። በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ሰሜን፣ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ትገኛለች። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቿ 870 ብቻ ነበሩ። የመኪና መንገድ አይደርስባትም። ከዊኒፔግ የሚነሳው ባቡር 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመጓዝ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። በ2017 የጸደይ ጎርፍ ሐዲዱን ቆራርጦት፣ ከተማዋ ከአንድ ዓመት በላይ ባቡር ሳታይ ከርማለች።

ድቡን ወደዚህ የሚያመጣው በረዶው ነው። የዋልታ ድብ ኑሮው አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ማደን ነው፤ አቆስጣን የሚይዘው ደግሞ ባሕሩ ሲረጋና እላዩ ላይ መቆም ሲችል ነው። የሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በረዶ በየበጋው ሙሉ በሙሉ ስለሚቀልጥ፣ በሐምሌ ድቦቹ ወደ ምድር ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጾም ነው። አንዱ ሣር ቢግጥ፣ ሌላው የወፍ እንቁላል ቢያገኝ ለዚያ ግዙፍ ገላ ምኑም አይሆንም፤ በየቀኑ አንድ ኪሎ ገደማ ከሰውነቱ ይቀንሳል።

እንግዲህ በጥቅምት መጨረሻ ድቦቹ የሚሰበሰቡት ለምን ቸርችል አጠገብ ነው? መልሱ ወንዙ ነው። ጨው የሌለው የቸርችል ወንዝ ውኃ ከባሕሩ ቀድሞ ይረጋል፤ የባሕረ ሰላጤው ጅረትም በረዶውን ከሰሜን እየገፋ ወደዚህ ዳርቻ ያመጣዋል። ስለዚህ ለወራት የተራበ እንስሳ የመጀመሪያውን በረዶ ለማግኘት የሚቆምበት ቦታ ይኸው ነው። ሰዎቹ ናቸው መንገዱ ላይ ከተማ የሠሩት።

ሐረር ላይ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል። ቸርችል የያዘችው ተቃራኒውን መንገድ ነው፤ ድብ ከሰው ዘንድ ቁራሽ እንዳያገኝ ነው ትግሉ። እስከ 2005 ድረስ ከከተማዋ ውጪ ሜዳ ላይ የሚጣለው ቆሻሻ ለድቦቹ ድግስ ነበር። ያ ተዘግቶ ቆሻሻው ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ ጀመር። በ1983 አንድ ሰው ከተቃጠለ ሆቴል ፍርስራሽ ሥጋ ለቅሞ ኪሱ ውስጥ ከቶ ሲወጣ ድብ ገድሎታል፤ ከተማዋ ይህን ታሪክ አልረሳችውም።

ድብ ከተማ ውስጥ ሲታይ ቀን ከሌት ወደሚሠራ የስልክ መስመር ይደወላል። የክፍለ ሀገሩ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች መጥተው መጀመሪያ የሚፈነዳ ጥይት ተኩሰው በድምፅ ያባርሩታል። እምቢ ካለ፣ የአቆስጣ ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ቱቦ መሰል ወጥመድ ይጠመድለታል፤ ሥጋውን ሲጎትት በሩ ከኋላው ይወድቃል። ከዚያ የሚወሰደው 28 ክፍሎች ወዳሉት እስር ቤት ነው። ሰው ሁሉ «የድብ እስር ቤት» ይበለው እንጂ ሕንፃው የቀድሞ የጦር ሠራዊት ንብረት ነው። እስረኛው ውኃ ይሰጠዋል፣ ምግብ ግን አይሰጠውም። ጭካኔ የሚመስለው ይህ ደንብ ምክንያት አለው፦ እንስሳው በዚያ ወቅት ከእስር ውጪም ጾመኛ ነው፤ እዚያ ጠግቦ ቢወጣ ደግሞ በማግስቱ ተመልሶ በሩን ያንኳኳል። ወር ገደማ ቆይቶ፣ በማደንዘዣ ተወግቶ፣ በመረብ ተጠቅልሎ ከሄሊኮፕተር ሥር ተንጠልጥሎ ወደ ሰሜን ይወሰዳል። ልጆች በሃሎዊን ምሽት፣ ኦክቶበር 31፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ሲለቅሙ ጠባቂዎች ከተማዋን ከበው ይቆማሉ። ነጭ ልብስ ለብሶ መውጣት የሚመከር አይደለም።

የበጋው እንግዳ ደግሞ ሌላ ነው። በሐምሌ የወንዙ አፍ ቤሉጋ በተባለው ዓሣ ነባሪ ይሞላል፤ ወደዚህ ወንዝ ብቻ የሚገቡት በሺዎች ይቆጠራሉ። ቤሉጋ የጀርባ ክንፍ የለውም፤ ከበረዶ ሥር ለሚዋኝ ዓሣ ነባሪ ክንፍ መሰናክል ነበር የሚሆነው። የአንገቱ አጥንቶች እርስ በርስ ስላልተጣበቁ አንገቱን አዙሮ ጀልባ ላይ ያለውን ሰው ያያል። ግልገሉ ግራጫ ሆኖ ተወልዶ በዓመታት ውስጥ ይነጣል። ወደ ወንዙ ሲመጣ ያረጀ ቆዳውን ከታችኛው ጠጠር ጋር እያሻሸ ይጥላል። ድምፁ ብዙ ነው፦ ያፏጫል፣ ያንጫጫል፣ እንደ ዛገ በር ይንቋቋል። የጥንት መርከበኞች «የባሕር ካናሪ» ብለው በዘፋኟ ወፍ ስም የጠሩት ያለ ነገር አይደለም።

ከወንዙ ማዶ የሃድሰን ቤይ ኩባንያ በ1731 መሥራት ጀምሮ አርባ ዓመት የፈጀበት የድንጋይ ምሽግ ቆሟል። መድፎች ተደርድረውበት፣ በ1782 የፈረንሳይ መርከቦች ሲመጡ አንድም ጥይት ሳይተኩስ እጁን ሰጠ። ለምሽግ የሚያሳፍር ታሪክ ነው። ከዚያ የሚከብደው ግን የሳዪሲ ዴኔ ነባር ሕዝብ ታሪክ ነው፦ መንግሥት በ1956 ከአደን መሬታቸው አንስቶ ቸርችል ዳር አሰፈራቸው፤ በድህነትና በመጠጥ ብዙ ሰው አለቀባቸው። የተረፉት በ1973 በራሳቸው ፈቃድ ወደ ታዱሌ ሐይቅ ሄዱ። የፌዴራል መንግሥቱ ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው።

ከከተማዋ በደቡብ ምሥራቅ 11,475 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የዋፑስክ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ዋፑስክ በክሪ ቋንቋ ነጭ ድብ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ድቦች እዚያ ዓመቱን ሙሉ በረዶ በያዘው አፈር ውስጥ ዋሻ ቆፍረው ይወልዳሉ፤ እነሱ የሚጾሙት እስከ ስምንት ወር ነው። አሁን ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። በረዶው ድሮ ከሚቀልጥበት ቀድሞ ይቀልጣል፣ ዘግይቶም ይረጋል፤ ጾሙ ይረዝማል፤ የከሳች እናት ወተቷ ይነጥፋል። በምዕራብ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ በ1980ዎቹ 1,200 ገደማ የነበረው የድብ ቁጥር በ2016 ወደ 842፣ በ2021 ቆጠራ ደግሞ ወደ 618 ወርዷል።

ከተማዋ የምትኖረው በእነዚህ ድቦች ነው። ከ1979 ጀምሮ ሌን ስሚዝ የተባለ ነዋሪ የሠራው፣ ጎማው ሰው የሚያህል ባለ ከፍተኛ መስኮት ተሽከርካሪ ጎብኚዎችን ታንድራ ወደሚባለው ዛፍ አልባ ሜዳ ይዞ ይወጣል፤ ድቡም ብዙ ጊዜ በኋላ እግሩ ቆሞ፣ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ ያሸታል። በኅዳር፣ ባሕሩ ክብደት መሸከም ሲችል፣ ጎብኚውም ድቡም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሄዳሉ። እስር ቤቱ ውስጥ የቀሩትም ይለቀቃሉ።