የናፍጣ ፊልትሮ ምን ይነግረናል?

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት ግን መኪና በሐረጎ ጠመዝማዛ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ለሰኞ ገበያ ሸቀጥ የጫነ ኢሱዙ ናፍጣ አብዝቶ የሚፈልገው እዚህ ዳገት ላይ ነው። ፊልትሮው በቆሻሻ ከታፈነ፣ ሜዳውን ደህና ሲሄድ የቆየው መኪና ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ፊልትሮን የሚያስታውሰው ያኔ ነው። ነገር ግን ፊልትሮ ሲዘጋ ተጥሎ የሚተካ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የገዛነው ናፍጣ ምን ይዞ እንደመጣ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው ወይም ሾፌሩ በገዛ እጁ ሊቀይረው ይገባል።

ኢትዮጵያ ናፍጣዋን ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛው ጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በቦቴ ይጫናል። ከወደቡ ወደ ወሎ የሚያስገባው መንገድም በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ናፍጣው ከመርከብ ወደ ዴፖ፣ ከዴፖ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ ማደያ ሲገለበጥ፣ እጥረት ሲኖር ደግሞ ጀሪካን ሲጨመርበት፣ አቧራ፣ ዝገትና ውሃ የመግባት ዕድል ያገኛሉ። ጎደሎ ታንከር ውስጥ ያለው አየርም በደሴ ብርድ ሌሊት ጤዛ ይቋጥራል። ፓምፑንና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው፤ ውሃ ግን ያዝጋቸዋል። ኮመን ሬል በሚባሉት አዳዲስ ሞተሮች የናፍጣው ግፊት ከ1,500 ባር ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከፀጉር ውፍረት አሥር እጅ የምታንስ ብናኝ እንኳ ብረት ትፍቃለች። ፊልትሮው ብናኙን በታጠፈው ወረቀቱ ይይዛል፤ ውሃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል።

ተጠምዝዞ የሚወጣውን የተለመደ ዓይነት ለመቀየር፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የፊልትሮው ዙሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከሥሩም ዕቃ ይደገናል። የውሃ ማፍሰሻው ብሎን ሲላላ የሚወርደው ፈሳሽ በሚያሳይ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ሲረጋ ውሃው ከታች ለብቻው መስመር ሠርቶ ይለያል። ቀጥሎ አሮጌው ፊልትሮ ተጠምዝዞ ይወጣል፤ የውሃ ጠቋሚ ካለው አስቀድሞ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ጠቋሚውም ወደ አዲሱ ይዛወራል። የአዲሱ ፊልትሮ ጎማ በንጹሕ ናፍጣ ይታሻል፤ ጎማው መቀመጫውን ከነካ በኋላም በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይጠብቃል። ከዚያ የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ይጫናል፤ አየሩ ካልወጣ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ይጠፋል። አንድ የቆየ ልማድ ግን ይቅር፤ ይኸውም ሞተሩ ቶሎ እንዲነሳ አዲሱን ፊልትሮ በናፍጣ ሞልቶ መግጠም ነው። በብዙዎቹ ፊልትሮዎች ላይ የዙሪያዎቹ ትናንሽ ቀዳዳዎች መግቢያ፣ የመሐሉ ትልቅ ቀዳዳ መውጫ ነው፤ በመሐል የተጨመረ ናፍጣ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይሄዳል።

ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፣ በተለይ ኮመን ሬል ቤት ውስጥ አይነካም የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከፊሉ እውነት ነው። ከፓምፑ ወዲያ ያለው ቱቦ ሞተሩ እየሠራ ቢላላ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ በድሮ ሞተሮች እንደሚደረገው የኢንጀክተር ቱቦ አላልቶ አየር ማስወጣትም በኮመን ሬል አይሞከርም። ፊልትሮው ያለው ግን ከዋናው ፓምፕ ወዲህ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት በኩል ነው። ድንበሩን የሚያውቅና እጁን የሚያጸዳ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ የእጅ ፓምፕ የሌለው መኪና ያለው ደግሞ አየሩን እንዴት እንደሚያስወጣ መመሪያውን አስቀድሞ ያንብብ። አሮጌውን በኮምፕሬሰር ነፍቶ መመለስ ይበቃል የሚለው ሐሳብ ግን አያስኬድም፤ ግፊቱ ወረቀቱን ሊቀድ፣ ቆሻሻውንም ወደ ንጹሑ ወገን ሊያሻግር ይችላል። የመካኒኩ እንጀራም አይነካም፤ የጠርሙሱን ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የበሽታውን ምንጭ ፍለጋ ያሳጥርለታል።

አምራቾች በብዛት ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ አቧራ ለበዛበትና የናፍጣው ጥራት ለሚያጠራጥር አካባቢ ቶሎ መቀየር ይመረጣል። የተቀየረበት ኪሎ ሜትር ፊልትሮው ላይ ይጻፍ፤ የወጣው ናፍጣም ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርድ ቦይ ውስጥ አይደፋ። ጠርሙሱ በተደጋጋሚ ውሃ ካሳየ አዲስ ፊልትሮ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ታንከሩ መታጠብ፣ ናፍጣው የሚገዛበት ቦታም መለወጥ አለበት። ይህን ውሳኔ በጊዜ ሊወስን የሚችለው ጠርሙሱን ያየ ሰው ነው።