ለመስጠትም ዕውቀት ያስፈልጋል

በቦሌም ሆነ በገርጂ፣ በመገናኛም ሆነ በሲኤምሲ ለልጅዎ ገንፎ የሚሆን አጃ ፍለጋ ወደ ትልልቆቹ ሱቆች ሲገቡ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገና ነጭ ፀጉሩ የተንዠረገገ ሽማግሌ የተሣለበትን ዕቃ ሳያዩት አይቀሩም። ስሙ «ኩዌከር» ነው። ድርጅቱ ይህን ስም በ1877 እ.ኤ.አ. በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው ኩዌከሮች በሐቀኝነታቸው የታወቁ ስለነበሩ ነው እንጂ ከእነርሱ ጋር ዝምድና ኖሮት አይደለም። ለመሆኑ ኩዌከሮች እነማን ናቸው? ልጅ አሳድገው፣ ቢሮና ፋብሪካ ውለው ለሚመለሱት ለአዲስ አበባ እናቶችስ ምን የሚጠቅም ትምህርት አላቸው?

ኩዌከሮች በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር የተነሡ፣ ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ብለው የሚጠሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ጦር መሣሪያ አናነሣም በማለታቸውና ሴቶች በጉባኤ መካከል እንደ ወንዶች እንዲናገሩ በመፍቀዳቸው ከዘመናቸው ሰዎች ይለዩ ነበር። ከመካከላቸው ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባለችው፣ በጠቅላላው 11 ልጆች የወለደች እናት፣ በ1813 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ኒውጌት ወደሚባለው ወህኒ ቤት ገባች። በዚያም ሴት እስረኞች ከነልጆቻቸው ተፋፍገው፣ ተርበውና ታርዘው አገኘቻቸው። በመጀመሪያ የወሰደችላቸው ልብስ ነበር። ዳሩ ግን ልብስ ያልቃል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሳ፣ እዚያው ወህኒ ቤት ውስጥ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ለእናቶቹም የስፌት ሥራ እንዲከፈት አደረገች።

ይህንኑ ሐሳብ ጆሴፍ ራውንትሪ የተባለው ኩዌከር የቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤት በሌላ መንገድ ገልጾታል። በ1904 እ.ኤ.አ. ሀብቱን ከፍሎ ሦስት የአደራ ድርጅቶችን ሲያቋቁም፣ ለተራበ ሾርባ ለማደል ገንዘብ የሚሰጥ ሰው እንደማይጠፋ፣ ረሀቡ ከየት እንደመጣ ለመመርመር ግን የሚሰጥ እምብዛም እንደማይገኝ አመልክቷል። የእርሱ ገንዘብ ሥሩን ለመፈለግ እንዲውል ነበር ምኞቱ።

ኩዌከሮች ወደ እኛም አገር መጥተዋል። በ1933 ዓ.ም. ፋሽስት ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሐኪም ቤቶቻችን ሠራተኛ አልነበራቸውም። በ1942 እ.ኤ.አ. «የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ» ከተባለው የእንግሊዝ በጎ ፈቃደኞች ቡድን ወደ 40 የሚጠጉ ወጣቶች ኢትዮጵያ ገቡ። ጠመንጃ አንይዝም፣ ቁስለኛ ግን እናነሣለን ያሉ ሰዎች ነበሩ። በሐኪም ቤትና በክሊኒክ ከማገልገላቸውም በላይ ኢትዮጵያውያን ድሬሰሮችን አሠልጥነዋል። የሚያክመው እንግዳ አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም፤ የሠለጠነው ድሬሰር ግን እዚሁ ይቀራል። በ1947 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩዌከሮች የእርዳታ ድርጅቶች የኖቤልን የሰላም ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ እርዳታ፣ ትምህርትና ሰላም የማይነጣጠሉ መሆናቸውን እንረዳለን። ምሳሌው ከእኛም ሠፈር አይጠፋም። አያት አካባቢ የሚገኘው መቄዶንያ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቶ ይረዳል። ኮተቤ የሚገኘው ሰላም የሕፃናት መንደር ደግሞ ከ1977 ዓ.ም. ረሀብ በኋላ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለማሳደግ ተቋቁሞ፣ ቆይቶ የሙያ ማሠልጠኛ ከፈተ። ሕፃን ምግብና መኝታ ያስፈልገዋል፤ ጎረምሳ ሲሆን ግን እንጀራ የሚያበስልበት ሙያ ይፈልጋል። በከተማችን ትምህርት ቤቶችም «የእናት ወግ» የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ተማሪዎችን መመገብ ጀምሮ ነበር። በ2012 የትምህርት ዘመን የከተማው አስተዳደር ሥራውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለማዳረስ ተነሣ። በጥቂት ሰዎች የተጀመረ በጎ ሥራ የሕዝብ ሥራ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። መገናኛ ታክሲ ሲጠብቁ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ ቀሚስዎን ይጎትታል። የእናት አንጀት አይችልምና ከቦርሳዎ ብር ያወጣሉ። ማዘንዎ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ጎዳና ላይ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ነገም ከክፍል ቀርቶ እዚያው ሊቆም ይችላል። ባይሰጡትስ? ተርቦ ያድራል። ይህ ጭንቀት አንዲት እናት ብቻዋን ልትፈታው የምትችለው አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሃምሳው ሰው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በዕድርዎ አለ። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ያጽናናል። ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ቢቀነስ ወይም ጥቂት ቢጨመር፣ በዚያው ሠፈር ብቻዋን ልጆች ለምታሳድገው ልብስ አጣቢ ደብተርና ጫማ፣ ከተቻለም ለመነሻ የሚሆን የእንጀራ ምጣድ መግዛት ይቻላል። የውጭ እጅ እያጠረ መሄዱንም አንርሳ። የአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሲዘጋ፣ በእርሱ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ብዙዎች ሥራቸው ተቋርጧል።

ለድርጅት ሲሰጡም መጠየቅ ነውር አይደለም። ድርጅቱ ተመዝግቧልን? ገንዘቡ ለምን ይውላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ደግሞስ የተረጂውን ልጅ ፎቶግራፍ በየቦታው የሚለጥፈው ድርጅት፣ ልጁ ነገ ሲያድግ ምን እንደሚሰማው አስቧልን? የእርስዎ ልጅ ቢሆን ይፈቅዱ ነበርን?

ሰላምን በመጨረሻ ያነሣነው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የተካሄደው ጦርነት ምን ያህል እናት ያለ ልጅ፣ ምን ያህል ልጅ ያለ እናት እንዳስቀረ ሁላችንም አይተናል። እርዳታ የገነባውን ትምህርት ቤት ጦርነት በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ልጅ ደግሞ ጥላቻን የሚማረው በቅድሚያ ከማዕድ ዙሪያ ወሬ ነው። እራት ላይ ስለ ጎረቤትዎ ብሔርና ሃይማኖት የሚነገረውን ልጅዎ እንጀራውን እየቆረሰ ያዳምጣል። ክፉ ወሬ ሲነሣ «ተው፣ እርሷም እንደኔ እናት ናት» ብለው ማቋረጥ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ከብዙ ገንዘብ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ፣ ሒሳቡ ተነቦ ሲያልቅ እጅዎን ያውጡና አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «በሠፈራችን ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለ? ለምንስ ቀረ?» መልሱን ለማግኘት ሦስት ሴቶች ቢመረጡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።